ከፊደል አናት ላይ ያለችው ጭረት

ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት፣ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ብዙም ሳልቆይ፣ አንድ የፈረንሳይኛ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ መልሼ ነበር። ሥራው አምስት ወር ያህል ፈጀብኝ። ማታ ማታ በእጅ የጻፍሁትን ቀን ቀን በአንድ ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር ላይ እየተየብሁ በየምዕራፉ በፍሎፒ ዲስክ አስቀመጥሁት። ሊያሳትመው ያሰበው ሰው ሐሳቡን ስለ ለወጠ ግን ትርጉሙ ለኅትመት ሳይበቃ ቀረ። እኔም ወደ ሌላ ሥራ አለፍሁ፤ የእጅ ጽሑፉም ቤት በቀየርሁ ቁጥር እየተመናመነ ጠፋ። ፋይሉ በእጄ ስለ ነበረ ግን አልሠጋሁም።

ባለፈው ክረምት አንድ ወዳጄ ትርጉሙን ለማንበብ ጠየቀኝ። ፋይሉን በአዲሱ ኮምፒዩተሬ ላይ ስከፍተው የጠበቀኝ አማርኛ አልነበረም። ገጹን የሞሉት አናታቸው ላይ ጭረት፣ ባርኔጣ፣ ጥንድ ነጥብና ክብ የተሸከሙ የላቲን ፊደላት ነበሩ። በመካከላቸውም የጥያቄ ምልክት እንደ ሰናፍጭ ተበትኖበታል። ከፈረንሳይኛ ያወጣሁት መጽሐፍ ተመልሶ ፈረንሳይኛ ሊሆን የፈለገ ይመስል ነበር። ቆይቶ እንደ ገባኝ፣ ነገሩ ከዚህም የባሰ ነው፤ ያ ጽሑፍ ለማሽኑ አንድም ቀን አማርኛ ሆኖ አያውቅም ነበር።

ለመሆኑ የአውሮፓውያኑ ባለ ጭረት ፊደላት የአማርኛን ወንበር እንዴት ሊይዙ ቻሉ? የጥያቄ ምልክቶቹስ ከየት መጡ? መልሱን ለማግኘት ወደ ቴሌግራፍ ዘመን መመለስ ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፊደልና ትእዛዝ በአንድ ጣራ ሥር

ማሽን ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር መስጠት፣ ላኪና ተቀባይም በቁጥሩ መስማማት ግድ ነው። የፊደል ኮድ የሚባለው ይኸው ስምምነት ነው። በፈረንሳይ የቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረው ኤሚል ቦዶ በ1874 የባለቤትነት መብት ባስመዘገበበት መሣሪያ እያንዳንዱን ፊደል በአምስት ምልክቶች ወከለው። እያንዳንዱ ምልክት "አለ" ወይም "የለም" ከመሆን በቀር ሦስተኛ ዕድል ስለሌለው፣ ከአምስቱ የሚገኘው ጥምረት 32 ብቻ ነው። ቁጥሮችንና ሥርዓተ ነጥቦችን ለማስገባት ቦታው ስላልበቃው፣ "ከዚህ በኋላ የሚመጣው ቁጥር ነው" እና "ከዚህ በኋላ የሚመጣው ፊደል ነው" የሚሉ ሁለት መቀየሪያዎችን ጨመረበት። ቦዶ ፈረንሳዊ ነበርና፣ በዚያ ጠባብ ሠንጠረዥ ውስጥ እንኳ አናቷ ላይ ጭረት ያለባት "ኤ" ከተራዋ "ኤ" የተለየ የራሷ ቦታ ነበራት። ለእርሱ ጭረቷ ጌጥ አልነበረችም፤ ፊደሉን ሌላ ፊደል የምታደርግ ነበረች እንጂ።

በ1901 የኒውዚላንድ ተወላጅ የሆነው ዶናልድ መሪ የቦዶን አሠራር አሻሻለ። የመሪ መሣሪያ የጽሕፈት መኪና በሚመስል ቁልፍ ገበታ የሚሠራ በመሆኑ፣ ከሩቅ ያለውን አታሚ እንደ ልብ ማዘዝ ያስፈልገው ነበር። "ሠረገላውን ወደ መስመሩ መጀመሪያ መልስ"፣ "ወረቀቱን አንድ መስመር ግፋ" የሚሉ ሁለት ትእዛዞች እንደ ማንኛውም ፊደል የየራሳቸውን ኮድ ያገኙት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ በጠባቡ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ተከራዮች ይጋፉ ጀመር፤ የሚታየው ፊደልና የማይታየው ትእዛዝ። ቀጥሎ የምንተርከው ሁሉ የእነዚህ ሁለቱ ግፊያ፣ በግፊያውም መካከል ቦታ ያጡት ሰዎች ታሪክ ነው።

መቶ ሃያ ስምንት ወንበሮች

በ1963 የአሜሪካ የደረጃዎች ማኅበር አስኪ በሚባል አሕጽሮት የሚታወቀውን ኮድ አወጣ። አስኪ በሰባት ቢት፣ ማለትም በሰባት "አለ" ወይም "የለም" ምልክቶች የተዋቀረ በመሆኑ ከ0 እስከ 127 የተቆጠሩ 128 ወንበሮች ነበሩት። በመጀመሪያው እትም ትንንሾቹ የላቲን ፊደላት እንኳ አልተካተቱም ነበር፤ የገቡት በ1967ቱ እትም ነው። በማግስቱ ዓመት፣ በ1968፣ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የሚገዛቸው ኮምፒዩተሮች ይህን ኮድ እንዲያውቁ አዘዙ። የአንድ ሀገር ደንብ የነበረው ነገር የዓለም መሠረት ለመሆን መንገድ ጀመረ።

ከ128ቱ ወንበሮች 33ቱን የያዙት የትእዛዝ ኮዶች ናቸው። 7 ቁጥር ከሩቅ ያለውን ማሽን ደወል ይደውላል፤ ዜና ሲመጣ ኦፕሬተሩን ከእንቅልፉ ለመቀስቀስ የታሰበ ነበር። 5 ቁጥር "ማን ነህ?" ብሎ ይጠይቃል። 6 ቁጥር "ደርሶኛል" ብሎ ይመልሳል። 10 እና 13 ዶናልድ መሪ ያወረሳቸው ወረቀት መግፊያና ሠረገላ መላሽ ናቸው። ከሁሉም የሚያስገርመው የ127 አቀማመጥ ነው። ያን ጊዜ ጽሑፍ ይቀመጥ የነበረው በወረቀት ጥብጣብ ላይ ቀዳዳ እየተበሳ ነው። የተበሳ ቀዳዳ መልሶ አይደፈንም፤ ስለዚህ ስሕተት የሠራ ጸሐፊ ያለው አማራጭ ሰባቱንም ቦታዎች በስቶ "ይህን እለፈው" ማለት ብቻ ነበር። ሰባቱም ሲበሱ ቁጥሩ 127 ይሆናል። የወረቀት ጥብጣብ ከጠፋ ብዙ ዘመን ቢሆነውም 127 እስከ ዛሬ መደምሰሻ ነው።

የቀሩት 95 ወንበሮች ለባዶ ቦታ፣ ለ52 ትልልቅና ትንንሽ የላቲን ፊደላት፣ ለ10 አኃዞችና ለ32 ምልክቶች ተደለደሉ። ለፈረንሳይኛ፣ ለጀርመንኛ ወይም ለስፓኝኛ ባለ ምልክት ፊደላት የተረፈ ወንበር አልነበረም። ይህ ሲባል ግን ኮሚቴው ፈጽሞ ረስቷቸው ነበር ማለት አይደለም። መፍትሔው ከጽሕፈት መኪና ተበደረ። መጀመሪያ "ኤ" ይመታል፤ ቀጥሎ በ8 ቁጥር ትእዛዝ ሠረገላው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከዚያ የጥቅስ ጭረት እዚያው ላይ ይመታል። ወረቀቱ ላይ ባለ ጭረቷ "ኤ" ትወጣለች። ዛሬ በቁልፍ ገበታችን ላይ የምናያቸው ባርኔጣ መሰሏ ምልክትና ሞገድ መሰሏ ጭረት የተቀመጡት በከፊል ለዚሁ አገልግሎት ታስበው ነው። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና የሚያውቅ አንባቢ ዘዴው እንግዳ አይሆንበትም፤ የፊደሉን አካል በአንድ ምት፣ ቅጥያውን በሌላ ምት የምናወጣበት ጊዜ ነበርና።

ይሁን እንጂ ዘዴው የሚሠራው ወረቀት እስካለ ድረስ ነው። ወረቀት ሁለት ቀለም ደራርቦ ይይዛል። አታሚው በስክሪን ሲተካ ግን ስክሪኑ መደረብ አላወቀበትም፤ አንድ እርምጃ ተመልሶ ጭረት ሲጻፍበት የቀደመውን ፊደል አጥፍቶ ጭረቷን ብቻ አስቀረ። የአውሮፓ ቋንቋዎች የተማመኑበት ድልድይ በአንድ የመሣሪያ ለውጥ ፈረሰ።

ቅንፍ የተነጠቁ ፕሮግራመሮች

የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ለዚህ ችግር ያቀረበው መልስ 646 በሚል ቁጥር የሚታወቀው ደንብ ነው። ደንቡ ከአስኪ ወንበሮች ጥቂቱን ለየሀገሩ ምርጫ ለቀቀ። ጀርመኖች የማዕዘንና የጠምዛዛ ቅንፎችን ቦታ ለባለ ጥንድ ነጥብ ፊደሎቻቸው ሰጡ። ስዊድኖችም ባለ ነጥብና ባለ ክብ ፊደሎቻቸውን እዚያው አስቀመጡ። ፈረንሳዮች ባለ ጭረቷን "ኤ" በግራው ጠምዛዛ ቅንፍ ቦታ አኖሯት፤ ባርኔጣ ለሚደፉት ፊደሎቻቸው ግን ቦታ አላገኙም።

የተገኘው መፍትሔ የቆጡን ለማውረድ የብብትን የሚያስጥል ሆነ። አንድ ቁጥር በስቶክሆልም አንድ ነገር፣ በፓሪስ ሌላ ነገር፣ በኒውዮርክ ሦስተኛ ነገር ማለት ሆነ። የስዊድን ስሞች በአሜሪካ አታሚ ላይ በቅንፍ ተሰንጥቀው ወጡ። በተቃራኒው ደግሞ፣ በጠምዛዛ ቅንፍ የተሞላው የሲ ፕሮግራም ቋንቋ በስዊድን ስክሪን ላይ በባለ ነጥብ ፊደላት ተጥለቀለቀ። ነገሩ ምን ያህል የከፋ እንደ ነበር የሚያሳየው፣ በ1989 የጸደቀው የሲ ቋንቋ ደረጃ ቅንፍ የሌላቸው ሰዎች በቅንፍ ፈንታ ሁለት የጥያቄ ምልክትና አንድ ሌላ ምልክት በተከታታይ እንዲጽፉ መፍቀዱ ነው።

ስምንተኛው ቢትና ባዶው ክልል

ስምንተኛ ቢት ሲጨመር ወንበሮቹ ወደ 256 ከፍ አሉ። ብዙዎች ነገሩ አበቃለት ብለው ሳያስቡ አልቀሩም። አዲስ ከመጡት 128 ወንበሮች ግን የመጀመሪያዎቹ 32፣ ከ128 እስከ 159 ያሉት፣ ዳግመኛ ለትእዛዝ ተከለሉ። ምክንያት አልጠፋም። በዚያ ዘመን ብዙ መስመሮች ስምንተኛውን ቢት በመንገድ ላይ ይጥሉት ነበር፤ ስምንተኛው ቢት ከወደቀ 135 ተመልሶ 7 ይሆናል፤ ምስኪኗ ፊደል ደወል ሆና ትጮኻለች። ስለዚህ በትእዛዝ አንጻር ትእዛዝ፣ በፊደል አንጻር ፊደል ማስቀመጥ ጥንቃቄ ነበር። ከእነዚያ 32 አዳዲስ ትእዛዞች አብዛኞቹ ግን በተራ ሰው ጽሑፍ ውስጥ ጥቅም ላይ ውለው አያውቁም።

በቀሩት 96 ወንበሮች ላይ የምዕራብ አውሮፓ ፊደላት የሰፈሩበት ደንብ 8859 ክፍል 1፣ በተለምዶ ላቲን 1 የሚባለው፣ በ1987 ወጣ። ምንጩ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ለተርሚናሎቹ ያዘጋጀው ሠንጠረዥ ነው። በዚያ ሠንጠረዥ 215 እና 247 ቁጥሮች ላይ "ኦ" እና "ኤ" ተጣብቀው የሚጻፉባቸው የፈረንሳይኛ ፊደላት ነበሩ። ላቲን 1 እነርሱን አውጥቶ የማባዣና የማካፈያ ምልክት ተካባቸው። በዚህም የተነሣ ፈረንሳይኛ "ልብ"፣ "እኅት" እና "እንቁላል" የሚሉትን ቃላት በወጉ ሊጽፍባት የማይችል የፈረንሳይኛ ደረጃ ወጣ። ስሕተቱ የታረመው ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ ከዩሮ ምልክት ጋር በወጣው ክፍል 15 ነው። እስከዚያ ማይክሮሶፍት በበኩሉ ለትእዛዝ የተከለለውን ባዶ ክልል በጠማማ የጥቅስ ምልክቶችና በእነዚሁ የተባረሩ ፊደላት ሞልቶት ነበር። ማሽኖች እንደገና በሁለት ቋንቋ ይነጋገሩ ጀመር፤ አንደኛው "የጥቅስ ምልክት" ብሎ የላከውን ሌላኛው "ትእዛዝ" ብሎ ይቀበል፣ ትእዛዙንም ስለማያውቀው በባዶ ሳጥን ወይም በጥያቄ ምልክት ይተካው ነበር።

ይህ ግጭት እኛ አካባቢም ደርሷል። የሶማልኛ የላቲን አጻጻፍ በ1972 ሲታወጅ ከተመረጠባቸው ምክንያቶች አንዱ ምንም የአናት ምልክት የማይፈልግ፣ በተራ የጽሕፈት መኪና የሚጻፍ መሆኑ ነበር። የሽሬ ጃማ አሕመድ ንድፍ ከጉሮሮ የሚወጡትን ድምፆች በነጥብና በጭረት ፈንታ ሥራ ለፈቱ የላቲን ፊደላት አከፋፈላቸው። ስለዚህ ሶማልኛ ከአስኪ ጋር አንዳች ጠብ ሳይኖረው ኮምፒዩተር ዘመን ገባ። በ1991 የተቀበልነው የኦሮምኛ ቁቤም እንዲሁ ቀላል ነበር፤ ከአንዲት ነገር በቀር። ሁዳ የምትባለዋ የጉሮሮ ምልክት የምትጻፈው በነጠላ የጥቅስ ጭረት ነው። ጸሐፊው በአስኪ ወንበር፣ በ39 ቁጥር የመታትን ጭረት የጽሑፍ ማቀናበሪያው "ላሳምርልህ" ብሎ ወደ ጠማማዋ ጭረት፣ ወደ 146 ይለውጣታል። 146 ደግሞ በላቲን 1 ሕግ የትእዛዝ ክልል ውስጥ ናት። ለጸሐፊው ፊደል የነበረች ሁዳ በሌላው ማሽን ላይ የጥያቄ ምልክት ሆና የምትገኝበት ምስጢር ይኸው ነው።

ግዕዝ በተውሶ ልብስ

ወደ ራሳችን ፊደል እንምጣ። 33ቱ ሆሄያት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ዲቃላ ሆሄያቱ፣ ሃያው አኃዝና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ከ256 በላይ ያልፋሉ። ለትእዛዝ የተከለሉት ሲቀነሱ ከባዶ ቦታ ሌላ ለሚታይ ፊደል የሚተርፉት ወንበሮች 190 ብቻ ናቸው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የአማርኛ ሶፍትዌር የሠሩ ባለሙያዎች የገጠማቸው ሒሳብ ይህ ነበር፤ ያደረጉትም በጊዜው ሊደረግ የሚቻለውን ነው። የላቲን ፊደሉን ቁጥር ሳይነኩ ሥዕሉን ብቻ ለወጡት። ማሽኑ "ባለ ጭረቷ ኤ" ብሎ የሚያውቃት ቁጥር በስክሪን ላይ አንዲት የግዕዝ ሆሄ ሆና ትታይ ጀመር። አንዳንዶች ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ፎንቶች አከፋፈሉት፤ አንዳንዶች ሆሄውን ከአካልና ከቅጥያ እንደ ጽሕፈት መኪና ገጣጠሙት፤ ቦታ የጠበባቸውም ከ128 እስከ 159 ያለውን ክልል ተጠቀሙበት። እያንዳንዱ ሠሪ የየራሱን ድልድል ስለ ተከተለ በአንዱ ፎንት የተጻፈ በሌላው አይነበብም ነበር። በ1990ዎቹ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ያዘጋጁት ሴራ የተባለው ዘዴ ደግሞ አማርኛን በአስኪ ፊደላት ድምፅ በድምፅ በመጻፍ ከዚህ ውጥንቅጥ ለመውጣት የተደረገ ጥረት ነው።

እነዚያ ፎንቶች ያደረጉልንን መካድ አይገባም። ጋዜጦቻችን፣ መጽሔቶቻችን፣ የመመረቂያ ጽሑፎቻችን የተጻፉት በእነርሱ ነው። ዋጋውን ግን የሚያውቀው ሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን የሚጽፍ ሰው ነው። ፈረንሳይኛውንና አማርኛውን በአንድ ገጽ አስቀምጬ ፎንቱን በስሕተት በሙሉ ስለውጠው ፈረንሳይኛው ትርጉም የለሽ ግዕዝ ይሆናል፤ መልሼ ስለውጠው ደግሞ አማርኛው በባርኔጣና በነጥብ ይሞላል። ቃል መፈለግ፣ በፊደል ተራ መደርደር የማይታሰብ ነበር። ማሽኑ የሚያየው ልብሱን ሳይሆን ሥጋውን ነውና።

እያንዳንዱ ፊደል በስሙ

በ1988 የዜሮክስ ባልደረባ የሆነው ጆ ቤከር ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ ወጥ ቁጥር የሚሰጥ ንድፍ አቀረበ፤ ስሙንም ዩኒኮድ አለው። የመጀመሪያው እትም በ1991 ወጣ። ዩኒኮድ የቀድሞውን ቤት አላፈረሰም፤ የመጀመሪያዎቹን 256 ቁጥሮች ከላቲን 1 እንዳሉ ወሰደ። ስለዚህ 65ቱም የትእዛዝ ኮዶች፣ 33ቱ የአስኪና 32ቱ የላቲን 1፣ አብረው ገቡ። የቴሌግራፍ ኦፕሬተሩ ደወል ዛሬም 7 ቁጥር ላይ ተቀምጧል።

ለባለ ጭረት ፊደላት ደግሞ ሁለት በር ከፈተላቸው። ባለ ጭረቷ "ኤ" 233 ተብላ በአንድ ቁጥር ልትጻፍ ትችላለች፤ ወይም ተራዋ "ኤ" 101 ከተጻፈች በኋላ ተደራቢዋ ጭረት 769 ልትከተላት ትችላለች። በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው፤ በቁጥር ግን ሁለት ናቸው። ስለዚህ ሁለቱን አቻ የሚያደርግ የማስተካከያ ሥርዓት መደንገግ ነበረበት። ያ ሥርዓት በሌለበት ቦታ ዛሬም አንድ ሰው ስሙን በአንደኛው መንገድ ጽፎ በሌላኛው ሲፈልገው ላያገኘው ይችላል። ወደ ኋላ ተመልሶ የመደረብ የጥንቱ ዘዴ በአዲስ መልክ ተመለሰ ማለት ነው፤ አሁን ግን መደረብ ትእዛዝ ሳይሆን ራሷን የቻለች ምልክት ሆነ።

የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው በ3.0 እትም 345 ምልክቶችን ይዞ ገባ። ሀ 4608 ቁጥርን ያዘች፤ ሁ 4609 ሆነች። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ለባዕድ ዓይን ሁ ማለት ቅጥያ የተጨመረባት ሀ ናት፤ ከአካልና ከቅጥያ ልትገጣጠም ትችል ነበር። ዩኒኮድ ግን እያንዳንዷን ሆሄ ሙሉ ፊደል አድርጎ ቆጠራት። ለየሆሄው ቤተሰብ ስምንት ስምንት ቦታ ስለ ተመደበ፣ ለ 4616 ላይ ትጀምራለች። በ2005 ደግሞ ለሰባት ቤት ጉራጌኛ፣ ለብሌንና ለመኤን የሚያስፈልጉ ሆሄያት፣ የማጥበቂያ ነጥብም ታከሉ። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ሲመጣ፣ ግዕዝ ያለ ተጨማሪ ሶፍትዌር በተራው ሰው ኮምፒዩተር ላይ ይታይ ጀመር።

ሰላም የሚሉ ትእዛዞች

የዩኒኮድ ቁጥሮች ከአንድ ባይት፣ ማለትም ከስምንት ቢት በላይ ስለሆኑ በባይቶች ተከፋፍለው መጓዝ አለባቸው። በመስከረም 1992 ኬን ቶምፕሰን ከሮብ ፓይክ ጋር በኒው ጀርሲ አንድ ምግብ ቤት ተቀምጦ በጠረጴዛ ወረቀት ላይ የነደፈው ዩቲኤፍ-8 ይህን ችግር በብልኃት ፈታው። ከ128 በታች ያለው የአስኪ ዓለም ሳይነካ እንዳለ ይጓዛል። ከዚያ በላይ ያለው ፊደል ሁሉ ከ127 በላይ በሆኑ ባይቶች ብቻ ይገነባል። ስለዚህ የማንም ሕዝብ ፊደል በስሕተት ደወል አይደውልም፤ መስመርም አይሰብርም።

እስኪ "ሰላም" የሚለውን ቃል እንከተለው። ሰ 225፣ 136፣ 176 ሆና ትጓዛለች። ላ 225፣ 136፣ 139 ናት። ም 225፣ 136፣ 157 ናት። ተቀባዩ ማሽን ዩቲኤፍ-8 የሚያውቅ ከሆነ ሰላም ይነበባል። ላቲን 1 ብቻ የሚያውቅ ከሆነስ? 225 በላቲን 1 አናቷ ላይ ጭረት ያለባት "አ" ናት። 176 የሙቀት መለኪያዋ ትንሽ ክብ ናት። የቀሩት አምስቱ ባይቶች የትእዛዝ ክልል ውስጥ ይወድቃሉ። ሰላምታችን ሦስት ባለ ጭረት "አ"፣ አንድ ክብና አምስት የማይታዩ ትእዛዞች ይሆናል ማለት ነው። የመጨረሻው፣ 157፣ "ከዚህ የሚቀጥለው ለማሽኑ ሥርዓት የተላከ መልእክት ነው" የሚል ትእዛዝ ነበር፤ ይህን የሚታዘዝ የጥንት ተርሚናል የሰላምታውን ተከታይ ውጦ ዝም ሊል ይችላል።

ይህ ደግሞ የአንድ ቃል ዕጣ አይደለም። አማርኛ የሚጻፍባቸው ሆሄያት ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው 225 ነው፤ ሁለተኛው ከ136 እስከ 141 ባለው ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ማንኛዋም የአማርኛ ፊደል በተሳሳተ ሠንጠረዥ ስትነበብ መጀመሪያ ባለ ጭረት የአውሮፓ ፊደል፣ ቀጥሎ ትእዛዝ ትሆናለች። ለማንም ያልጠቀመው ያ ባዶ ክልል ዛሬ የእኛ ፊደል በየቀኑ የሚሸጋገርበት መንገድ ሆኗል።

ያልተጻፈችው ነጥብ

ጭረቷ የአውሮፓውያን ጉዳይ ብቻ ናት ብለን እንዳንዘናጋ አንድ ነገር ላክል። "አለ" ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። "ገና" ሲላላ አልደረሰም፤ ሲጠብቅ በዓል ነው። "ይበላል" የምንለው ሰው ሲላላ በላተኛ፣ ሲጠብቅ ተበይ ነው። ልዩነቱን የምታሳይ የማጥበቂያ ነጥብ በሰዋስው መጻሕፍት ውስጥ ከፊደል አናት ላይ ስትቀመጥ ኖራለች። በዩኒኮድም 4959 ተብላ ተደራቢ ሆና ገብታለች። ይሁን እንጂ በዘወትር ጽሑፍ የሚጠቀምባት የለም፤ አንባቢው ከዐውዱ ይረዳ ተብሎ ትታለፋለች። አሜሪካኖቹ ጭረትን ተጨማሪ ጌጥ ባደረጉት ጊዜ የፈረንሳይ ልጅ የተሰማው ቅሬታ እንዲገባን፣ የራሳችንን ነጥብ ምን ያህል በቀላሉ እንደ ተውናት ማስታወስ ይበቃል።

ወደ ፋይሌ ልመለስ። የፎንቱን ድልድል ከድሮ የታተመ ገጽ ላይ አንድ በአንድ እየለቀምሁ ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ ሠንጠረዡ ባለ ጭረቶቹን ፊደላት ወደየሆሄያቸው መለሰልኝ። የጥያቄ ምልክቶቹ ግን አልመለስ አሉ። የድሮው ፎንት አንዳንድ ሆሄያትን በትእዛዝ ክልል ውስጥ አስቀምጧቸው ኖሯል፤ ፋይሉን ከዓመታት በፊት በኢሜይል ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ሳሻግር እነዚያ ቁጥሮች ሁሉ ወደ አንድ ዓይነት የጥያቄ ምልክት ተለውጠዋል። የተለያዩ ፊደላት አንድ ምልክት ከሆኑ በኋላ የሚለያቸው ማሽን የለም። "ሞ" ብሎ በጥያቄ ምልክት የሚያበቃ ቃል ሞት ይሁን ሞቅ፣ ሞኝ ይሁን ሞላ ማን ይነግረኛል?

የነገረኝ የፈረንሳይኛው መጽሐፍ ነው። መደርደሪያዬ ላይ ነበርና ገጽ በገጽ እያመሳከርሁ በሦስት ወር አካባቢ ጠገንሁት። ተርጓሚ በመሆኔ ዕድለኛ ነኝ፤ ሥራዬ ከሌላ መጽሐፍ የተቀዳ በመሆኑ የሚመሰክርለት አላጣም። በዚያው ዘመን በእነዚያው ፎንቶች የራሳቸውን ድርሰት፣ የአያቶቻቸውን ትውስታ፣ የአካባቢያቸውን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ግን ብዙ ናቸው። ጽሑፋቸው የሚመሳከርበት ሌላ ቅጂ የለውም። ዲስኩ በመሳቢያ ውስጥ አለ፤ ባለቤቱም እንደ እኔ "ፋይሉ በእጄ ነው" ብሎ ተኝቷል። ፎንቱን የሚያስታውስ ሰው በሕይወት ሳለ፣ በዚያ ፎንት የታተመ አንድ ገጽ ወረቀትም ሳይጠፋ፣ መሳቢያውን መክፈትና ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ማሻገር ይገባል። ነገ የሚከፍተው ሰው የሚያገኘው ባለ ጭረት ፊደላትን ነውና፤ ከጭረቱ በታች አማርኛ እንደ ነበረ የሚነግረው አይኖርም።